ስለ ማስታወቂያ መብራትና ስለ ከተማ ምልክት

ከጥንት ጀምሮ ባገራችን ነገርን ለሕዝብ ማስታወቅ የመንግሥትና የቤተ ክርስቲያን ሥራ ነበር። መንግሥት የሚያስታውቀው ነገር ቢኖረው በገበያ ቀን ነጋሪት አስጐስሞ አዋጁን ከዋርካ ሥር ያስነግራል፤ የሰማም ላልሰማ ያሰማል። ቤተ ክርስቲያንም ደወሏን ደውላ ሕዝቧን ትጠራለች። ነጋዴው ግን ዕቃውን በመሬት ላይ ዘርግቶ በአፉ እያሞገሰ ከመሸጥ በቀር ስሙን ከፍ ባለ ስፍራ ጽፎ መስቀልን አያውቅም ነበር። ዛሬ ነገሩ ተለውጧል። ነጋዴው ስሙን በብርሃን ጽፎ ከቤቱ ጣራ በላይ ያቆማል፤ ፀሐይም በገባች ጊዜ፣ ሌላው ሁሉ በጨለማ ሲሰወር፣ የርሱ ስም ብቻ ከሩቅ ይነበባል። ይህ ልማድ በትልልቆቹ ከተሞች ብቻ ሳይወሰን ወደየወረዳው ከተማ እየደረሰ ስለ ሆነ ጥቅሙንና ጕዳቱን አስቀድሞ መመርመር የተገባ ነው።

አስቀድመን ሁለት ነገሮችን እንለይ። ማስታወቂያ ባለቤቱ ስለ ራሱ የሚናገረው ነገር ነው። ምልክት ግን ሕዝቡ ስለ ስፍራው የሚናገረው ነገር ነው። ማስታወቂያ በገንዘብ ይገዛል፤ ምልክት ግን የሚገኘው በዘመን ብዛትና በሰው ልማድ እንጂ በገንዘብ አይደለም። ይሁን እንጂ አንዳንድ ጊዜ በገንዘብ የተገዛው ማስታወቂያ ብዙ ዘመን ከመቆሙ የተነሣ የሕዝብ ምልክት ሆኖ ይቀራል። ያን ጊዜ ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ለመለየት ያስቸግራል፤ ክርክርም የሚነሣው ከዚህ ላይ ነው።

ምልክት ለመንገደኛ ምን ያህል እንደሚያስፈልግ ከቢቸና እስከ ሞጣ ያለውን አገር በእግሩ የሄደ የቆሎ ተማሪ ሁሉ ያውቃል። እኛም በልጅነታችን ከዲማ ጊዮርጊስ ተነሥተን ደብረ ወርቅን አልፈን ወደ ሞጣ ስንወጣ መንገዱን የምንጠይቀው በጐዳና ስም አልነበረም። ያገኘናቸው ሽማግሌ በዘንጋቸው እያመለከቱ፣ «ልጄ፣ ያ የጽድ ደን ይታይሃል? ደብር ነው፤ እርሱን በስተ ቀኝህ ትተህ ውረድ፤ ከወንዙ ማዶ ሌላ ደን ታያለህ» ይሉን ነበር። የደብሩ ደን የተተከለው ለመንገደኛ ተብሎ አልነበረም፤ ነገር ግን ለመንገደኛ ዓይን ሆነ። ሞጣ ጊዮርጊስም በፈረንጅ አቈጣጠር በ18ኛው ምዕት ዓመት የእቴጌ ምንትዋብ ልጅ ወይዘሮ ወለተ እስራኤል ያስተከሉት ደብር ነው፤ እስከ ዛሬም ሞጣን ያነሣ ሰው ጊዮርጊስን ሳያነሣ አያልፍም።

ሕዝብ ለስፍራ ስም የሚያወጣው ዓይኑ ያየውን ይዞ ነው። ከሞጣ ወደ ዓባይ ሲወረድ የሚገኘው፣ ጐጃምን ከቤጌምድር ጋር ያገናኝ የነበረው ድልድይ በጐንደር ነገሥታት ዘመን እንደ ተሠራ ይነገራል። በጣልያን ወረራ ዘመን መካከሉ ስለ ተሰበረ ግን ሕዝቡ «ሰባራ ድልድይ» አለው። ከዚያ በኋላ ቢጠግኑትም ስሙ አልተጠገነም። ስለዚህ በዓይን ፊት ጐልቶ የቆመ ነገር ሁሉ፣ መልካምም ቢሆን ክፉም ቢሆን፣ ለስፍራው ስሙን ትቶ እንደሚሄድ ከዚህ እንረዳለን።

አሁን ወደ መብራቱ ነገር እንመለስ። በውጭ አገር የሆነውን በፈረንጅ አቈጣጠር፣ ባገራችን የሆነውን በኛ አቈጣጠር እንናገራለን። ዦርዥ ክሎድ የተባለው ፈረንሳዊ በ1910 ዓ.ም. የኒዮንን መብራት በፓሪስ ለሕዝብ አሳየ። ይህም በመስተዋት ቧንቧ ውስጥ በታሸገ አየር ኤሌክትሪክ ሲያልፍበት ደምቆ የሚበራ ነው፤ ቧንቧውም በእሳት እየተጠመዘዘ የፊደል መልክ ሊይዝ ስለሚችል ለነጋዴዎች እጅግ ተመቸ። በዚያችው ከተማ ሲትሮኤን የተባለው የመኪና ፋብሪካ ከ1925 ዓ.ም. ጀምሮ ዐሥር ዓመት ያህል በኤፌል ግንብ ላይ ስሙን በመብራት ጻፈ። ለዚህም 250 ሺህ ያህል አምፖሎች እንደ ተሰኩ ይነገራል። በ1927 ዓ.ም. በግንቦት ወር ሊንድበርግ የተባለው አሜሪካዊ አውሮፕላን ነጂ ብቻውን ከኒው ዮርክ ተነሥቶ ውቅያኖሱን ተሻግሮ ሌሊት ፓሪስ በደረሰ ጊዜ ይህን የበራ ግንብ ዞሮ ወደ ማረፊያው ሄደ። እንግዲህ መኪና ለመሸጥ የበራው መብራት ላየር መንገደኛ ምልክት ሆነለት ማለት ነው። ሆኖም የፓሪስ ሰዎች ግንቡን ለጊዜው አከራዩት እንጂ አልሸጡትም። ዘመኑ ሲፈጸም የፋብሪካው ስም ወረደ፤ ግንቡም በራሱ ስም ቀረ።

በሎስ አንጀለስ ከተማ የሆነው ግን ከዚህ ይለያል። በ1923 ዓ.ም. የቤት መሥሪያ ቦታ የሚሸጡ ነጋዴዎች «ሆሊውድላንድ» የሚለውን ስም 15 ሜትር ያህል ቁመት ባላቸው ፊደላት አስጽፈው በተራራ ላይ አቆሙ፤ በ4 ሺህ ያህል አምፖሎችም ሌሊት ያበሩት ነበር። ሐሳባቸው መሬቱ ተሸጦ እስኪያልቅ ለአንድ ዓመት ተኩል ያህል እንዲቆም ብቻ ነበር። ነገር ግን ሳይነሣ ቀረ፤ የሚጠብቀውም ስላልነበረ መብራቱ ጠፋ፤ ፊደላቱም እየወላለቁ ወደቁ። በ1949 ዓ.ም. የከተማው ነጋዴዎች ማኅበር የስሙን መጨረሻ አስቈርጦ የቀረውን አሳደሰ። በ1978 ዓ.ም. ደግሞ ፈጽሞ ስለ ፈራረሰ ዘጠኝ በጎ አድራጊዎች እያንዳንዳቸው አንዳንድ ፊደል ከፍለው በብረት እንደ ገና አሠሩት። ለአንድ ዓመት ተኩል የታሰበው ነገር እነሆ መቶ ዓመት አለፈው። ነጋዴዎቹን ዛሬ የሚያስታውስ የለም፤ ወጪው ግን ለከተማው ተረፈ።

ከሁሉ ይልቅ የሚያስተምረን በቦስተን ከተማ የሆነው ነው። በዚያ ኬንሞር በተባለው አደባባይ በ1940 ዓ.ም. አንድ የነዳጅ ኩባንያ ከሕንፃ ጣራ ላይ የማስታወቂያ መብራት አቆመ። በ1965 ዓ.ም. ኩባንያው ስሙን «ሲትጎ» ብሎ በለወጠ ጊዜ ቁመቱም ወርዱም 18 ሜትር ያህል የሆነ፣ በመካከሉ ቀይ ሦስት ማዕዘን ያለበት አዲስ መብራት ተተካ። ይህ ስፍራ ለኢትዮጵያውያን እንግዳ አይደለም። በየዓመቱ በሚያዝያ ወር የሚደረገው የቦስተን ማራቶን የሚያልፈው በዚያ ነው። አበበ ቢቂላ በ1963 ዓ.ም. በዚሁ ውድድር ሮጦ 5ኛ ወጣ፤ አበበ መኰንን በ1989 ዓ.ም. አሸነፈ፤ ፋጡማ ሮባም ከ1997 እስከ 1999 ዓ.ም. ሦስት ዓመት በተከታታይ ድል አደረገች። ሯጮች ያን መብራት ከሩቅ ሲያዩት ልባቸው ይበረታል፤ ከሥሩም በደረሱ ጊዜ አንድ ማይል ያህል ብቻ እንደ ቀራቸው ያውቃሉ። ነዳጅ ለመሸጥ የተሰቀለው ነገር ለደከመ ሰው የተስፋ ምልክት ሆኗል ማለት ነው።

በ1979 ዓ.ም. የነዳጅ ችግር ስለ ጸና የግዛቱ ገዢ ኃይል እንዲቈጠብ ብለው ባሳሰቡ ጊዜ መብራቱ ጠፋ። አራት ዓመት ጨልሞ ከቆየ በኋላ በ1983 ዓ.ም. ኩባንያው ሊያፈርሰው ሠራተኞች ሰደደ። ያን ጊዜ የከተማው ሰዎች «ይህ የኛ ምልክት ነው፤ አታፍርሱት» ብለው ጮኹ፤ ኩባንያውም ተመልሶ በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር አበራው። በ1990 ዓ.ም. ኩባንያው ጠቅልሎ በቬኔዙዌላ መንግሥት የነዳጅ ድርጅት እጅ ገባ። በኋላም ሕንፃው ለሌላ ባለቤት ሲሸጥ የመብራቱ ነገር እንደ ገና አጠራጠረ፤ በ2018 ዓ.ም. የከተማው የቅርስ ጉባኤ መብራቱ በሕግ ይጠበቅ ብሎ ቢወስንም ከንቲባው ውሳኔውን አላጸደቁትም። ሕንፃው የአንዱ፣ መብራቱ የሌላው፣ ፍቅሩ የሕዝቡ ሆኖ ሦስቱም የየራሳቸውን ያዙ። መጀመሪያ ሲሰቀል ፈቃድ የሰጠ ባለ ሥልጣን ይህ ሁሉ ይመጣል ብሎ ያሰበ አይመስልም።

ይህ የፈረንጅ አገር ነገር ነው፤ ምን ይመለከተናል የሚል ሰው ቢኖር ወደ አዲስ አበባ ይመልከት። ከለስላሳ መጠጥ ፋብሪካ የተነሣ «ኮካ» የሚባል ሰፈር አለ። ከአንድ የጣልያን የሥራ ተቋራጭ ምሕጻረ ቃል የተነሣ «ሲኤምሲ» የሚባል ሰፈር አለ። ከነዳጅ ማደያ የተነሣም በየአቅጣጫው «ቶታል» እየተባለ የሚጠራ መውረጃ ብዙ ነው። ፒያሳና መርካቶ የሚባሉት ስሞች የጣልያንን ቋንቋ ይዘው የቀሩ ናቸው፤ ወራሪው በ1933 ዓ.ም. ሲወጣ ስሞቹ አብረውት አልወጡም። በአንጻሩም ሜክሲኮ አደባባይን እንመለከታለን። የሜክሲኮ መንግሥት የጣልያንን ወረራ አላውቅም ብሎ በመከራችን ቀን ስለ ቆመልን ስሙ ታስቦና ተመክሮበት ለውለታ መታሰቢያ ተሰጠ። አንዱ ስም በምክር የተሰጠ ነው፤ ሌላው ግን ማንም ሳያስብበት የተጣበቀ ነው። ሁለቱም እኩል ጸንተው ይኖራሉ። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል የሚለው የአባቶቻችን ምሳሌ ለሰው ብቻ ሳይሆን ለስፍራም ይሠራል።

ስለዚህ ቢቸናና ሞጣን የመሰሉ ከተሞች ነገሩን በጊዜው ሊያስቡበት ይገባል። ሁለቱም ከደጀን ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው መንገድ ላይ ያሉ፣ የጤፍና የእህል ገበያቸው የታወቀ፣ ሕዝባቸውም የሚበዛ ከተሞች ናቸው። ነጋዴው ስሙን ሊያበራባቸው መፈለጉ አይቀርም፤ ቢፈልግም አይነቀፍም። መብራት በራሱ ክፉ አይደለም። ጨለማ የነበረውን ጐዳና ያበራል፤ ሌሊት ከመኪና የወረደ እንግዳ የት እንዳለ እንዲያውቅ ያደርጋል፤ የሌባንም እጅ ያሳጥራል። ሥራውን አሳምሮ ስሙን በግልጥ የሚጽፍ ነጋዴ በስሙ ተጠያቂ ለመሆን ያልፈራ ነጋዴ ነው። እኛ የምንለው ነጋዴው ይከልከል አይደለም፤ ፈቃድ ሰጪው አርቆ ይመልከት ነው።

አንደኛ፣ ስፍራው ይወሰን። ከቤተ ክርስቲያንና ከመስጊድ ፊት ለፊት፣ ወይም ከነርሱ ከፍ አድርጎ የሚጥበረበር መብራት ማቆም የሕዝቡን ልብ ያስቀይማል። ሌሊት ማኅሌት ለቆሙ ካህናት በመስኮት የሚገባ፣ ቀይና ሰማያዊ እየሆነ የሚለዋወጥ ብርሃን ምን ያህል እንደሚያውክ የቆመበት ያውቀዋል። በመንገድ መታጠፊያም ላይ የመኪና ነጂን ዓይን የሚወጋ መብራት አደጋን ይጠራል።

ሁለተኛ፣ የሚነገረው ነገር ይመርመር። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የማስታወቂያ አዋጅ ቁጥር 759 ለዚህ ሥራ መሠረት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣውም የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 1112 የአልኮል መጠጥ በየመንገዱ ሰሌዳ ላይ እንዳይታወጅ ከለከለ። ከዚያ አስቀድሞ በብዙ ከተሞች መግቢያ እንግዳን የሚቀበለው ታላቁ ሰሌዳ የቢራ ሰሌዳ ነበር። ከተማ ለሚገባባት ሰው የመጀመሪያ ቃሏ «ጠጣ» የሚል እንዲሆን የሚወድ የሀገር ሽማግሌ ያለ አይመስለንም። ሕጉ ሰሌዳውን አወረደው፤ ባዶውን ስፍራ ምን ይተካው የሚለውን ግን ለከተማው ተወለት።

ሦስተኛ፣ ፊደሉ ይታረም። ይህ ለአንዳንድ ሰው ቀላል ነገር ይመስለው ይሆናል፤ ነገር ግን ቀላል አይደለም። በአንድ ከተማ፣ ስሙን ማንሣት በማያስፈልግ ሱቅ ደጃፍ፣ ክንድ በሚያህል የመብራት ፊደል «ሥጋ» የሚለው ቃል በእሳቱ ሰ ተጽፎ አየን። ከሥሩም አንድ ትንሽ ልጅ ቆሞ ፊደል በፊደል እየለየ ያነባል። ልጁን፣ «ማን አስተማረህ?» ብንለው፣ «ከዚህ ነው የተማርኩት፣ አባባ» ብሎ ወደ ላይ አመለከተን። ለዚህ ልጅ መምህሩ ያ መብራት ነው። መምህሩ በንጉሡ ሠ የሚጻፈውን በእሳቱ ካሳየው ከመጽሐፍ ሲያገኘው መጽሐፉ የተሳሳተ ይመስለዋል። በየከተማው ፊደል ጠንቅቀው የሚያውቁ ካህናትና መምህራን ሳሉ ሰሌዳ ከመሰቀሉ በፊት አንድ ጊዜ አሳይቶ ማሳረም ምንም ወጪ የለበትም።

አራተኛ፣ ዘመኑና ኀላፊነቱ በውል ይጻፍ። ለስንት ዓመት እንደሚቆም፣ ቢሰበር ማን እንደሚጠግነው፣ ንግዱ ቢዘጋ ማን እንደሚያነሣው፣ ነፋስ ጥሎት ሰው ቢጐዳ ማን እንደሚክስ፣ የኤሌክትሪክ ኃይል ባነሰ ጊዜ በስንት ሰዓት እንደሚጠፋ አስቀድሞ ይወሰን። ፓሪስ የተጠቀመችው ዘመኑን ወስና ስላከራየች ነው፤ ሌሎቹ የተቸገሩት ይህ ሳይወሰን ስለ ቀረ ነው።

አምስተኛና ዋናው፣ ሕዝቡ ይጠየቅ። የነዚህ አውራጃዎች ታሪክ ለዚህ ምስክር ነው። በ1960 ዓ.ም. የእርሻ ገቢ ግብር አዋጅ በወጣ ጊዜ በቢቸናና በሞጣ የተነሣው ዐመፅ ከግብሩ ብዛት ብቻ የመጣ አልነበረም። ነገሩ ለገበሬው በሚገባ አልተገለጠለትም፤ በአስተዳደር በደልም የተማረረ ስለ ነበረ መሬቱ ተለክቶ ርስቱ የሚወሰድበት መሰለው። ከብዙ ጥፋት በኋላ መንግሥት የግብሩን ውዝፍ እስከ መማር ደረሰ። የማስታወቂያ መብራት ከግብር ጋር የሚተካከል ነገር አይደለም፤ ዳሩ ግን ምክር ሳይጠየቅ በራሱ ላይ የተሠራበት ሕዝብ በትንሹም በትልቁም ነገር ልቡ እንደሚሻክር ከዚህ መማር ይቻላል። ፈቃዱን የሚሰጥ ሹም ካህናቱንና ሽማግሌዎቹን፣ ነጋዴዎቹንና የሰፈሩን ሰዎች ሰብስቦ ቢጠይቅ የሚጠፋው የአንድ ቀን ጊዜ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላ አንድ ነገር ጨምረን ነገራችንን እንፈጽማለን። ነጋዴው ስሙን የሚያበራው የሚያውቁት እንዲበዙለት ነው። ታዲያ ከሁሉ ይልቅ ሊታወቅ የሚገባው ምንድን ነው? እኩለ ሌሊት ምጥ የያዛትን ሴት ከገጠር በቃሬዛ ተሸክመው ወደ ከተማው የሚገቡ ሰዎች የሚፈልጉት የሱቅ ወይም የሆቴል ስም አይደለም። የሚፈልጉት የጤና ጣቢያውን በር ነው። ከተማውን የማያውቁ ስለ ሆኑ፣ የሚጠይቁትም ሰው ስለሚያጡ፣ በጨለማ ከበር ወደ በር ሲዞሩ የሚያልፈው ሰዓት የሁለት ነፍስ ዋጋ ነው። በብዙ ከተማ ሌሊት ከሩቅ የሚነበበው የመሸታ ቤት ስም ነው፤ የሐኪም ቤቱ ስም ግን ቀለሙ በለቀቀ ቆርቆሮ ተጽፎ በቀንም አይነበብም።

ስለዚህ በቢቸናም በሞጣም፣ በሌሎቹም ከተሞች ያሉ ሹማምንት ለነጋዴ መብራት ፈቃድ ከመስጠታቸው አስቀድሞ የከተማውን የራሱን ምልክት ያብሩ፤ በከተማው መግቢያ የከተማው ስም፣ በጤና ጣቢያው ደጅ የጤና ጣቢያው ስም፣ በመሻገሪያውም የመሻገሪያው ምልክት ይብራ። ወጪው ከባድ ነው የሚሉ ቢኖሩ ትልቅ የማስታወቂያ መብራት የሚሰቅል ነጋዴ ሁሉ አንድ እንዲህ ያለ የሕዝብ መብራት እንዲያቆም በፈቃዱ ውል ውስጥ ይጻፍበት። ነጋዴውም አይከፋበትም፤ ስሙ ከበጎ ሥራ ጋር ስለሚነሣ ከዚያ የበለጠ ማስታወቂያ አያገኝም። የከተማውም ሕዝብ ከብዙ ዘመን በኋላ ስፍራውን በዚያ መብራት ስም ቢጠራው የሚያፍርበት ነገር አይኖርም።